የእንጨት ሥራ በብረት ከተማ

ድሬዳዋ የብረት ልጅ ናት ይባላል፤ ሐሰትም አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለሙሴ ኢልግ በሰጡት ውል የምድር ባቡሩ መንገድ ከጅቡቲ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራው ስለ ከበደ ሐዲዱ ከግርጌው ቀረና በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሜዳ ደረሰ። ከተማይቱም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሁሉ ስለ ሐዲድና ስለ እንፋሎት ይናገራሉ፤ አናጢውን የሚያነሣው ግን ጥቂት ነው።

ለመረሳቱ አንድ ምክንያት አለ። በብዙ አገር ሐዲድ የሚጋደመው በእንጨት ላይ ሲሆን፣ በዚህ መሥመር ግን ምስጥ እንዳይበላው አግዳሚው ከብረት ተሠራ። እንጨት ከመሬት ተባሮ ወደ ሠረገላ ወጣ ማለት ይቻላል። የመንገደኛው መቀመጫ፣ በሩና መስኮቱ የአናጢ እጅ ይፈልጉ ነበር፤ ይህም ቀላል ሥራ አይደለም። በጅቡቲ ወበቅ ያበጠ ሳንቃ በድሬዳዋ ደረቅ ሐሩር ይኰማተራል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ደግሞ ብርድና ዝናም ያገኘዋል። ስለዚህ በሚገባ ያልደረቀ እንጨት የሠሪውን ችኰላ ፈጥኖ ይገልጣል። በምስማር ብቻ የተያዘም መጋጠሚያ በሠረገላው መንቀጥቀጥ ይላላል፤ የአንዱ ጫፍ በሌላው ጉድጓድ ገብቶ መያያዝ አለበት።

የእንጨት ሠሪ መረሳት በድሬዳዋ ብቻ አይደለም። በሐረር «የራምቦ ቤት» ተብሎ የሚጐበኘው ባለ ፎቅ ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአንድ የህንድ ነጋዴ የተሠራ ነው፤ ባለ ቅኔው ግን በ1884 ዓ.ም. በማርሴይ ሞቷል። እንግዲህ ጐብኚ የሚያደንቀው ቅርጽ የጠራቢዎች ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ቤቱ አንድ ሌሊት እንኳ ባላደረበት ሰው ስም ተጠራ።

ዛሬ በድሬዳዋ ወደ አሮጌው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ጐብኚ ይገባል፤ የቆዩ መዘውሮችንና ሠረገሎችንም ያያል። በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲዱ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው፣ ለ1 ሜትር ሐዲድ የተሠራው የቀድሞው ሠረገላ ሊሄድበት አይችልም። የዚያ አናጢነት ሥራም ተተኪ የሚጠራ መሆኑ ቀረ።

በኛ አሳብ መሮና መላጊያን በመስታወት ውስጥ ማኖር ብቻ አይበቃም። መሮ ምን ያህል ዘንበል ብሎ እንደሚመታ፣ መላጊያም የእንጨቱን አሠር ተከትሎ እንዴት እንደሚገፋ ከዕቃው አይነበብም፤ ከእጅ ነው የሚታየው። ከቀድሞዎቹ ሠራተኞች በሕይወት ያሉት ደመወዝ ተቈርጦላቸው በጐብኚና በተማሪ ፊት ቢሠሩ ወጪው ብዙ አይሆንም። ለመጀመሪያው ከአሮጌ ሠረገላ አንድ መቀመጫ አውጥቶ ማደስ ይበቃል።