ጣቢያውና ጽሕፈት ቤቱ፤ የቢሾፍቱ እርሻ ምርምር ጣቢያ ታሪክ ስለ ከፍተኛ ትምህርት አስተዳደር የሚያስተምረው

ስለ ከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች አመራር የሚጻፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከላይ ነው፤ ይኸውም ከቻርተሩ፣ ከቦርዱ፣ ከፕሬዚዳንቱና ከሴኔቱ ነው። ይህ ልማድ ስሕተት ነው ባይባልም አንድ ነገር ይሸፍናል። ሥልጣን በወረቀት ላይ የተጻፈበት ስፍራና ሥራው በእርግጥ የሚሠራበት ስፍራ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ስለዚህ በዚህ አጭር ጥናት ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ መመልከት ተመርጧል። ምሳሌ የሆነውም ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቢሾፍቱ ያለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነው። ከተማዋ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጊዜ ደብረ ዘይት ትባል ስለ ነበር ጣቢያው እስከ ዛሬ በዚህ ስም ይታወቃል። የውጭ አገር ውሎችና የምርምር ዘገባዎች በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ በመሆናቸው፣ ሁለቱን አቆጣጠር ማደባለቅ አንባቢን እንዳያሳስት፣ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. አመሠራረቱ

የጣቢያውን አመሠራረት ለመረዳት አስቀድሞ የወላጁን ኮሌጅ ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1949 ካሳወቁት የ«ፖይንት ፎር» የቴክኒክ ርዳታ ዕቅድ ጋር በተያያዘ በ1952 በኢትዮጵያና በአሜሪካ መንግሥታት መካከል የእርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም ስምምነት ተደረገ። ሥራውን በኮንትራት የያዘው ያን ጊዜ የኦክላሆማ እርሻና መካኒክ ኮሌጅ ይባል የነበረው፣ ከ1957 ጀምሮ ግን የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቬርሲቲ የተባለው ትምህርት ቤት ነው። የሐሳቡ ጠንሳሽ የነበሩት የዚያ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ግን ፍሬውን ሳያዩ በታኅሣሥ ወር 1951 በቴህራን አቅራቢያ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ትምህርቱ በመጀመሪያ በጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተጀምሮ በ1956 ከሐረር አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ዓለማያ ተዛወረ። ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ኮሌጁን በጥር ወር 1958 መርቀው ከፈቱ።

ኦክላሆማዎች ያመጡት የአስተዳደር ሐሳብ በአገራቸው «የመሬት ስጦታ ኮሌጅ» ከሚባለው ሥርዓት የተወሰደ ነው። በዚህ ሥርዓት ማስተማር፣ መመራመርና የምርምሩን ፍሬ ለገበሬው ማድረስ ሦስቱም በአንድ ኮሌጅ አመራር ሥር ይሆናሉ። መምህሩ ጧት ያስተማረውን ከቀትር በኋላ በማሳ ላይ ይፈትነዋል፤ የማሳው ውጤትም ወደ ገበሬው ሄዶ የገበሬው ጥያቄ ወደ ክፍል ይመለሳል። የደብረ ዘይት ጣቢያ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የዚህ ሥርዓት አንዱ ክንፍ ሆኖ ነው።

የስፍራው ምርጫ በቂ ምክንያት ነበረው። ዓለማያ የማሽላና የበቆሎ አገር ነው። የመካከለኛው ደጋና ወይና ደጋ ሕዝብ የሚኖርበት ጤፍ፣ የማካሮኒ ስንዴ፣ ሽንብራና ምስር በብዛት የሚበቅሉት ግን በአዳና በአካባቢው ነው። በቢሾፍቱ ቀላል አፈርና ከባድ ጥቁር የዋልካ መሬት ጎን ለጎን ይገኛሉ። የባቡር ሐዲዱም በከተማዋ ውስጥ አልፎ ወደ ድሬዳዋ ስለሚወርድ ከወላጁ ኮሌጅ ጋር መገናኘት ይቻል ነበር። ሆኖም መሥመር አለ ማለት ርቀቱ ጠፋ ማለት አይደለም። በጣቢያውና በዲኑ ጽሕፈት ቤት መካከል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር።

፪. የሦስቱ ተግባሮች መለያየት

በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቬርሲቲ ሲቋቋም በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቬርሲቲ ኮሌጅ፣ የኢንጂኔሪንግ ኮሌጅ፣ የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅና የዓለማያ ኮሌጅ ሌሎችም ተጨምረው በአንድ ቻርተር ሥር ሆኑ። ከዚህ በኋላ የአስተዳደሩን መሥመር ብንከተል አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። ቢሾፍቱ ከስድስት ኪሎ ለአንድ ሰዓት መንገድ ያህል እንኳ የማትርቅ ከተማ ሆና ሳለ፣ የጣቢያው ጉዳይ በደንቡ መሠረት መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ወደ ዓለማያ ሄዶ ከዚያ ተመልሶ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ዩኒቬርሲቲ ይደርስ ነበር። በካርታ ላይ ቅርብ የሆነው በመዋቅር ላይ ሩቅ ነበር ማለት ነው።

ከርቀቱ ይልቅ ግን የሥርዓቱን መሠረት የነካው የተግባሮቹ መከፋፈል ነው። በ1963 የእርሻ ትምህርትን ለገበሬው የማድረሱ ሥራ ከኮሌጁ ተወስዶ ለእርሻ ሚኒስቴር ተሰጠ። በ1966 ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ አገር አቀፉን ምርምር የማስተባበር ኀላፊነት ተቀበለ። የኦክላሆማ ኮንትራትም በ1968 ተፈጸመ። እንግዲህ በአሥራ አምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ከሦስቱ ተግባሮች አንደኛው ፈጽሞ ወጣ፤ ሁለተኛው ባለድርሻ ተጨመረበት፤ ለኮሌጁ በሙላት የቀረለት ማስተማር ብቻ ሆነ።

ይህን እንደ በደል ብቻ መቁጠር ፍትሕ አይሆንም። አንድ ኮሌጅ፣ ያውም ከአገሪቱ በአንድ ጥግ የተቀመጠ፣ በመላው ኢትዮጵያ ለገበሬው ሠራተኛ እየላከ ሊያስተምር አይችልም ነበር። ሚኒስቴሩ በየጠቅላይ ግዛቱ ቅርንጫፍ ነበረው፤ ኮሌጁ ግን አልነበረውም። ምርምሩም በየስፍራው በተናጠል ቢካሄድ አንዱ የሠራውን ሌላው ደግሞ እየሠራ ገንዘብ ይባክናል። ስለዚህ ክፍፍሉ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ለሚኒስቴሩ ምክንያት ያለው ውሳኔ ለተማሪው ምን ያስከፍለዋል የሚለው ጥያቄ ከዚህ የተለየ ጥያቄ ነው።

የደብረ ዘይት ጣቢያ ታሪክ ጥቅም የሚሰጠን እዚህ ላይ ነው። ሌሎቹ ክንፎች ሲለያዩ ይህ ጣቢያ ከኮሌጁ ጋር እንደ ተያያዘ ቆየ። ኮሌጁ በ1985 ራሱን የቻለ የዓለማያ የእርሻ ዩኒቬርሲቲ ሲሆንም አብሮት ነበር። የተለያየው በ1990ዎቹ ሲሆን፣ በ1997 በተቋቋመው የኢትዮጵያ እርሻ ምርምር ድርጅት፣ በኋላም የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በተባለው ተቋም ሥር ሆነ። ዓለማያም በ2006 የሐረማያ ዩኒቬርሲቲ የሚለውን ስም ያዘ።

፫. አንድ ዘርና የተለዋወጡት አስተዳደሮች

የአስተዳደር ለውጥ በምርምር ላይ የሚያደርገውን ነገር በአንድ የጤፍ ዘር ታሪክ ማየት ይቻላል። በኋላ የዓለማያ ኮሌጅ ዲን የሆኑት ዶክተር መላክ ኃይል መንገሻ በ1965 ከሌሎች ጋር ሆነው ስለ ጤፍ የባሕርይ ልዩነት ሳይንሳዊ ጽሑፍ አሳተሙ። በጣቢያው የተመረጡት የጤፍ ዘሮች «ዲዜድ» የሚል ምልክት አላቸው፤ ይህም የደብረ ዘይት የላቲን ምሕጻር ነው። እናቲት የተባለው ዲዜድ-01-354 በ1970 ለገበሬው ወጣ። በነጭነቱ የታወቀውና ማኛ የተባለው ዲዜድ-01-196ም የዚያው ሥራ ውጤት ነው።

እነዚህ ሁሉ ከገበሬው ዘር መካከል የተመረጡ እንጂ የተዳቀሉ አልነበሩም። የጤፍ አበባ እጅግ ትንሽ ከመሆኗም በላይ ራሷን በራሷ ስለምታዳቅል ማዳቀሉ የማይቻል መስሎ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ አበባዋ ማልዳ ለአጭር ጊዜ እንደምትከፈት ደርሰውበት የማዳቀያውን መንገድ ከፈቱ። በዚህ መንገድ የተገኙት ዘሮች በምልክታቸው ላይ «ሲአር» ይጨመርባቸዋል። ከእነርሱ አንዱ ጸደይ የተባለው ዲዜድ-ሲአር-37 በ1984 ወጣ። በ1995 ደግሞ በምርቱ ብዛት የሚመሰገነው ዱከም የተባለው ዘር ወጣ። በመጨረሻም ምርታማው ዱከም ከነጩ ማኛ ጋር ተዳቅሎ ቁንጮ የተባለው ዲዜድ-ሲአር-387 በ2006 ለገበሬው ደረሰ፤ በብዙ ወረዳዎችም ተስፋፋ።

እንግዲህ ቁንጮን ማን ሠራው? የአንደኛው ወላጅ ምርጫ በኮሌጁ ጊዜ የተደረገ ነው። የማዳቀሉ ጥበብ የተገኘው ጣቢያው ከዩኒቬርሲቲው ጋር ተያይዞ በነበረበት በአብዮቱ ዋዜማና ማግሥት ነው። ሁለተኛው ወላጅ የወጣው ጣቢያው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ዘመን ነው። የመጨረሻው ዘር ለገበሬው የቀረበው በኢንስቲትዩቱ ጊዜ ነው። መንግሥት ሁለት ጊዜ ተለወጠ፤ የኮሌጁ ስምና ማዕርግ ተለወጠ፤ የከተማዋም ስም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ያልተለወጠው የሥራው ዓላማ፣ የዘሩ ክምችትና የመዝገቡ ቁጥር ነው። የማኛ ቁጥርና የቁንጮ ቁጥር በአንድ ተከታታይ መዝገብ ባይያዙ ኖሮ የኋለኛው ተመራማሪ ከፊተኛው ሥራ ላይ ሊቀጥል ባልቻለ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ የከፍተኛ ትምህርት አመራር ዋና ተግባር ትእዛዝ ማስተላለፍ ብቻ እንዳልሆነ ነው። አንድ ሹም ሲሄድና ሌላው ሲተካ የተቋሙ መታሰቢያ እንዳይጠፋ መጠበቅም የአመራር ሥራ ነው።

፬. የሰኔና የሐምሌ ጥያቄ

የጣቢያና የጽሕፈት ቤት ልዩነት በይበልጥ የሚታወቀው በጊዜ አቆጣጠር ነው። የመንግሥታችን በጀት ሰኔ 30 ቀን ይዘጋና ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል። በቢሾፍቱ አካባቢ ጤፍ የሚዘራውም በሐምሌ ነው። ማሳው ማዳበሪያና የቀን ሠራተኛ የሚፈልግበት ሳምንትና የሂሳብ ክፍሉ አሮጌውን መዝገብ ዘግቶ አዲሱ እስኪፈቀድ የሚጠብቅበት ሳምንት አንድ ይሆናሉ። ለቢሮ ሥራ የሁለት ሳምንት መዘግየት የሁለት ሳምንት መዘግየት ብቻ ነው፤ ለዘር ሙከራ ግን አንድ ሙሉ ዓመት ነው፤ ምክንያቱም ክረምት ተመልሶ የሚመጣው በዓመቱ ነው። ይህ የማንም ሰው ስንፍና ሳይሆን የሁለት ልዩ ልዩ አቆጣጠሮች ግጭት ነው። መፍትሔውም በቅርብ ላለው ኀላፊ የተወሰነ የመፈረም ሥልጣን አስቀድሞ መስጠት ነው።

ሌላው የቢሾፍቱ ምሳሌ ይህንኑ ያጠነክራል። በ1979 የአዲስ አበባ ዩኒቬርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በዚችው ከተማ ተቋቋመ። ከ1985 በኋላ በአንዲት ከተማ ውስጥ ያሉት ሁለት የከፍተኛ ትምህርት ክፍሎች ለሁለት ዩኒቬርሲቲዎች ተገዢ ሆኑ፤ የሰብሉ ጉዳይ ወደ ዓለማያ፣ የእንስሳው ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። ለአዳ ገበሬ ግን በሬውና ጤፉ በአንድ ግቢ ያሉ ናቸው፤ ጭዱ የሚመገበው በሬ ነገ የሚያርሰው እርሱ ነው። ገበሬው አንድ ያደረገውን መዋቅር ሁለት አድርጎታል።

፭. መደምደሚያ

ዛሬ ይህ ጥያቄ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ2003፣ ከ2009ና ከ2019 የከፍተኛ ትምህርት ዐዋጆች በኋላ በ2023 ስለ ራስ ገዝ ዩኒቬርሲቲዎች ዐዋጅ ወጥቶ የአዲስ አበባ ዩኒቬርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ብዙዎቻችን በዚህ ተደስተናል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ዩኒቬርሲቲው ከሚኒስቴሩ የተቀበለውን ነፃነት በዋናው ግቢ ጽሕፈት ቤት ብቻ ቢያስቀምጠው፣ ከዋናው ግቢ ውጪ ላሉት ክፍሎች የተለወጠው የጌታው አድራሻ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ኮሌጅ ሲዛወር፣ ሲዋሐድ ወይም ራስ ገዝ ሲሆን ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባል። መጀመሪያ፣ መዝገቡንና የተጠራቀመውን ዕውቀት ማን ይጠብቃል? ሁለተኛ፣ ሥራው በሚሠራበት ስፍራና በሚሠራበት ወር መፈረም የሚችል ማን ነው? ሦስተኛ፣ ተማሪው ወደ ማሳው የሚገባበት በር ክፍት ሆኖ ይቀራልን? የደብረ ዘይት ጣቢያ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልካም መልስ ሰጥቷል፤ ሁለተኛው እስከ ዛሬ በየዓመቱ በሐምሌ ይጠየቃል። ሦስተኛው በይበልጥ እኛን ተማሪዎችን የሚነካ ነው። ምርምሩና ትምህርቱ በሁለት መሥሪያ ቤቶች ከተለያዩ ወዲህ በሩ የሚከፈተው በደንብ ሳይሆን በመልካም ፈቃድ ነው። መልካም ፈቃድ ደግሞ ከሰውዬው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ በውል የተጻፈ ግዴታ ግን ሹሙ ቢለወጥም ይኖራል። በኢንስቲትዩቱና በዩኒቬርሲቲዎቹ መካከል የተማሪውን የማሳ ትምህርት የሚያስገድድ እንዲህ ያለ ውል እንዲጻፍ መጠየቅ ከእኛና ከመምህሮቻችን የሚጠበቅ ሥራ ነው።