የካዛንቺስና የኦሎምፒያ ስሞች
በአዲስ አበባ የኖሩት የኢጣልያኖችና የግሪኮች አኗኗር ሲነጻጸር



ከለገሃር ተነሥቶ በቂርቆስ በኩል አልፎ፥ ኦሎምፒያን ነክቶ ወደ ካዛንቺስ የሚወጣ ሰው በአንድ የእግር ጉዞ የብዙ ሕዝቦችን ቋንቋ ይጠራል። ለገሃር የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙም የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ቂርቆስ የሕፃኑ ሰማዕት ስም ሲሆን ከግሪክ ቋንቋ ወደ ግዕዝ የገባ ነው። ኦሎምፒያ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በከተማችን የኖሩ ግሪኮች ካቋቋሙት ከኦሎምፒያኮስ ክበብ ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ግን ይልቁንም የመንግሥት ሠራተኛ የሆነውን አንባቢ የሚመለከት ነው። በኢጣልያ አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 የመንግሥት ሠራተኞች የመኖሪያ ቤቶች ብሔራዊ ድርጅት ተቋቁሞ ነበር፤ የዚህ ድርጅት ስም የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ኢንቺስ» ይሆናሉ። «ካዜ» ማለት ቤቶች ነውና፥ «ካዜ ኢንቺስ» የተባለው በሕዝባችን አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ካዛንቺስ ማለት በጥሬ ትርጉሙ የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ማለት ነው።

እነዚህ ሁለት ስሞች፥ ኦሎምፒያና ካዛንቺስ፥ ሁለት የስደተኛ ወገኖች ወደ ከተማችን የገቡባቸውን ሁለት የተለያዩ መንገዶች ያስታውሱናል። አንደኛው ወገን መንግሥቱ ቤት ሠርቶለት፥ ደመወዝ ቆርጦለት፥ ጦር አስቀድሞለት መጣ። ሁለተኛው ወገን በእጁ ሙያና በዘመዱ ምክር ተማምኖ መጣ። ከሁለቱ የትኛው በጎረቤቱ ዘንድ ሥር ሰደደ? ሥር የሰደደውስ በምን ምክንያት ነው? ዛሬ የምንመረምረው ይህን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ግሪኮች እንናገር። የግሪክ ቋንቋ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት በገንዘቦቻቸው ላይ ስማቸውን በግሪክ ፊደል አስቀርጸዋል፤ ወንጌል፥ ጳጳስ፥ ኤጲስ ቆጶስ፥ ጰራቅሊጦስ የሚሉት ቃላት ሁሉ ምንጫቸው ከዚያው ቋንቋ ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባ ግሪኮች የዚያ የጥንት ዘመን ቅሬታዎች አይደሉም። አብዛኞቹ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከዚያ በኋላ ከደሴቶቻቸው፥ ከግብፅና ከትንሹ እስያ የመጡ ሰዎች ናቸው። በ1890 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው የጅቡቲ የምድር ባቡር ለብዙዎቹ መንገድ ከፈተ። ከፊሎቹ በሐዲዱ ሥራ ተቀጠሩ፤ ከፊሎቹም ሐዲዱን እየተከተሉ ለሠራተኛው ምግብና መጠጥ በመሸጥ ኑሯቸውን መሠረቱ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፥ ሱቅ፥ ዳቦ ቤት፥ ወፍጮና ሆቴል የሚያካሂዱ ግሪኮች በከተማው ነበሩ።

የግሪኮች ኑሮ የቆመው በቤተሰብ ላይ ነው። አንዱ ወንድም አስቀድሞ መጥቶ ሱቅ ይከፍታል፤ ንግዱ ሲጸናለት የወንድሙን ልጅ ያስመጣል፤ ያም ሙያውን ተምሮ ጥቂት ገንዘብ ካጠራቀመ በኋላ በሌላ ሰፈር የራሱን ሱቅ ያቆማል። እንዲህ ያለው ነጋዴ ከአካባቢው ሕዝብ ተለይቶ ሊኖር አይችልም። አማርኛ ካላወቀ አይሸጥም፤ ደንበኛውን በስሙና በጠባዩ ካላወቀ ዱቤ መስጠት አይችልም። ዱቤ ደግሞ በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለእናንተ መንገር አያሻም። ስለዚህ ግሪኩን ከጎረቤቱ ጋር ያስተሳሰረው ከሁሉ አስቀድሞ የዕለት ተዕለት ጥቅም ነው።

ከዚህም በቀር ግሪኮች የራሳቸውን ማኅበራዊ ኑሮ አደራጅተው ነበር። በእስክንድርያ የግሪክ ፓትርያርክ ሥር የአክሱም ሀገረ ስብከት የሚባል መንበር ነበራቸው፤ ለአገራችን የመጀመሪያው ጳጳስ በሆነው በቅዱስ ፍሬምናጦስ ስም የተሰየመ ቤተ ክርስቲያን በአዲስ አበባ አቆሙ። ልጆቻቸውን በቋንቋቸው የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤትና የሚሰበሰቡበትን ክበብ ሠሩ። ይህ ሁሉ የተሠራው ነጋዴው ከትርፉ ባዋጣው ገንዘብ እንጂ በመንግሥት ትእዛዝ አልነበረም።

አሁን ደግሞ ወደ ኢጣልያኖቹ እንመለስ። ከ1928 ዓ.ም. በፊትም በአዲስ አበባ የሚኖሩ ጥቂት ኢጣልያኖች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ከዐድዋ ምርኮ በኋላ በአገራችን የቀረው መሐንዲሱ ሴባስቲያኖ ካስታኛ የሚረሳ አይደለም፤ የአራዳውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥራ የመራ እርሱ ነው። ሊወጋን የመጣው ሰው በሙያው አገልግሎን፥ እኛም በሥራው አክብረነው ኖረ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የመጡት ኢጣልያኖች ግን በሌላ ሁኔታ መጡ። ቁጥራቸው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሲሆን፥ ወታደሩ፥ ጸሐፊው፥ ሾፌሩ፥ ግንበኛው ሁሉ በመንግሥቱ በጀት የሚኖር ነበር። የአዲሱ የከተማ ፕላን ዋና ሐሳብ ነጩን ከጥቁሩ መለየት ነው። የአገሬው ሕዝብ ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ከተማ ተወሰደ። ለኢጣልያውያን ባለሥልጣኖችና ጸሐፊዎች በምሥራቅ በኩል የኢንቺስ ቪላዎች ተሠሩ። ዝቅተኛ ደመወዝ ላላቸው ሠራተኞች ደግሞ ከባቡር ጣቢያው በስተደቡብ «ካዜ ፖፖላሪ»፥ ማለት የሕዝብ ቤቶች ተሠሩ፤ ፖፖላሬ የሚለው የሰፈር ስም ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ የፋሺስት መንግሥት ኢትዮጵያዊውን ከኢጣልያዊው መለየቱ ሳይበቃው፥ የራሱንም ሕዝብ ባለ ቪላና ባለ ፖፖላሬ አድርጎ በደመወዙ ልክ ለያየው።

መለያየቱ በግንብ ብቻ አልተወሰነም። በሚያዝያ ወር 1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖረውን ኢጣልያዊ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣ ነበር። በግንቦት 1932 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ ከኢትዮጵያዊት የተወለደውን ልጅ ኢጣልያዊው አባት ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበለው ከለከለ። ይህን ሕግ ከእኛ ሕግ ጋር አስተያዩት። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደውን ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። አንዱ መንግሥት ልጁን ከአባቱ ስም ሲያባርረው፥ ሌላው በእናቱ በኩል አስቀድሞ በሩን ከፍቶለት ነበር።

በዚያ ጊዜ የግሪኮቹ ኑሮ ከባድ ሆነ። ጥቅምት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ኢጣልያ ግሪክን በወጋች ጊዜ፥ በአዲስ አበባ የሚኖረው ግሪካዊ ባለሱቅ በአንድ ሌሊት የጠላት አገር ዜጋ ሆነ። ከዚያም የታሪክ ነገር የሚያስደንቅ ነው። ሚያዝያ 19 ቀን 1933 ዓ.ም. የጀርመን ጦር አቴንስ ገባ፤ ከ8 ቀን በኋላ፥ ሚያዝያ 27 ቀን፥ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነጻ በወጣችው አዲስ አበባ ገቡ። የአዲስ አበባ ግሪኮች የተወለዱበት አገር በተያዘ በሳምንቱ የሚኖሩበት አገር ነጻ ሲወጣ አዩ።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ቀን ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት ገና ከልብ ሳይጠፋ ይህን መስማት ለብዙ ሰው ቀላል አልነበረም፤ ሆኖም ቃሉ ተከበረ። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች አብዛኛውን የኢጣልያ ሲቪል ሕዝብ ወደ አገሩ መለሱት። የኢንቺስ ቪላዎች ከተሠሩ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ባለቤቶቻቸውን አጡ፤ ኢትዮጵያውያን ሹማምንትና ሠራተኞችም ገቡባቸው።

ነገር ግን ጥቂቶች ቀሩ። የቀሩትም አብዛኞቹ በቢሮ የኖሩት ሹማምንት ሳይሆኑ፥ መካኒኮች፥ ሾፌሮች፥ አናጢዎችና ግንበኞች ነበሩ። አንዳንዶቹ ሕግ የከለከላቸውን ትዳር መሥርተው ልጆች ወልደው ስለ ነበር መሄድ አልፈለጉም። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ከመንግሥታቸው ድጋፍ ተለይተው፥ በጃቸው ሙያ ብቻ፥ ግሪኮቹ ከብዙ ዓመት በፊት በጀመሩት መንገድ ኑሮን እንደገና ጀመሩ። ጋራዥ፥ የእንጨት ሥራ ቤትና ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችንም በረዳትነት ቀጠሩ። ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ ቡሎን፥ ፌሮ፥ ፍሪሲዮን፥ ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት ከኢጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው፤ በየጋራዡና በየግንባታው ጌታና ረዳት አብረው ሲሠሩ የጸኑ ቃላት ናቸው። የግሪክ ቃላት በቤተ ክርስቲያን፥ የኢጣልያ ቃላት በጋራዥ ቀሩልን ብንል ከእውነት አንርቅም።

በዚህ ዘመን የሁለቱ ወገኖች ኑሮ እየተቀራረበ ሄደ። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የእግር ኳስ ውድድር ሲደረግ የተሰለፉት አምስቱ ቡድኖች የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፥ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፥ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፥ የአርመኖቹ አራራትና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጦር ሜዳ የተፋለሙ ሕዝቦች በአንድ ሜዳ ኳስ ተጫወቱ። ግሪኮቹ በንግድና በምግብ ሸቀጥ፥ ኢጣልያኖቹ በመካኒክነትና በሕንፃ ሥራ ታወቁ። በካዛንቺስ አጠገብ ያለው ሥፍራ እንኳ የግሪክ ተወላጅ ባቋቋመው መደብር ስም ባምቢስ ተባለ፤ ስለዚህ የኢጣልያ መንግሥት ለሠራተኞቹ በሠራው ሰፈር ጫፍ የግሪክ ነጋዴ ስም ተተከለ።

ሁለቱንም ወገኖች እኩል የሚይዝ አንድ ሕግ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 390 የውጭ አገር ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ደንግጓል። ስለዚህ የስደተኛው ሀብት በአብዛኛው በመሬት ላይ አልቆመም፤ በመደርደሪያው ዕቃ፥ በመሣሪያው፥ በሙያውና በደንበኛው እምነት ላይ ቆመ። እንዲህ ያለ ሀብት በሰላም ጊዜ ፈጥኖ ይበቅላል፤ ነፋስ ሲነሣ ግን ሥሩ አጭር ነው።

የኢጣልያ እጅ ለከተማችን የሰጠውን ከፍተኛ ሥራ ለማየት የሚወድ ከካዛንቺስ ጥቂት ወርዶ የአፍሪካ አዳራሽን ይመልከት። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን ይህን ሕንፃ የነደፈው አርቱሮ ሜዘዲሚ የተባለው ኢጣልያዊ አርክቴክት ነው። በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚያ አዳራሽ ነው። የኢንቺስ ቤቶች ጥቁሩን ለማራቅ ተሠሩ፤ ይህ አዳራሽ ግን አፍሪካን ለመሰብሰብ ተሠራ። የሁለቱም ሠሪ የአንድ አገር ሰው ነው፤ የተለየው የተሠራበት ዓላማና ያሠራው ባለቤት ነው።

ነፋሱ በ1967 ዓ.ም. ተነሣ። ታላላቅ የንግድና የኢንዱስትሪ ድርጅቶች ተወረሱ፤ በሐምሌ ወርም አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ሁለቱም ማኅበረሰቦች ተመናመኑ፤ ብዙዎቹ ወደ አቴንስ፥ ወደ ሮማና ወደ ሌሎች አገሮች ሄዱ። ከሄዱትም መካከል አዲስ አበባ የተወለዱ፥ ሌላ አገር የማያውቁ ነበሩ። በመንግሥት ተጠግቶ የመጣውም በሱቁ የኖረውም በዚህ ጊዜ አንድ ዕጣ ደረሰው። ነገር ግን የኦሎምፒያኮስ ክበብና ኢጣልያኖች ያቋቋሙት የጁቬንቱስ ክበብ አልተዘጉም፤ ዛሬ ብዙው ተመጋቢያቸው ኢትዮጵያዊ ነው። በግሪክ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤትም ኢትዮጵያውያን ልጆች ይማራሉ።

ካዛንቺስም ራሱ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ሥራ ተነሣ። አሮጌዎቹ ቤቶች ፈረሱ፤ በውስጣቸው ለሁለትና ለሦስት ትውልድ የኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወሩ። ኢጣልያዊው ጸሐፊ ለአጭር ጊዜ የተቀመጠበት፥ ኢትዮጵያዊው ግን ዕድር የመሠረተበት፥ ልጅ የዳረበት፥ ቡና የተጠራራበት ሰፈር ነበር። የሠሪው ቋንቋ ለስሙ ይበቃ ይሆናል፤ ሰፈሩን ሰፈር ያደረጉት ግን እነዚህ ጎረቤቶች ናቸው።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ ከሁለቱ ወገኖች ታሪክ የምናገኘው ይህን ነው። መንግሥት ቤት ሊሠራና ሰው ሊያሰፍርበት ይችላል፤ ጉርብትና ግን በአዋጅ አይሰፍርም። ግሪኩ ባለሱቅ ጉርብትናን ያገኘው በዱቤ መዝገቡ ነው፤ ኢጣልያዊው መካኒክ ያገኘው ቪላውን ካጣ በኋላ በረዳቱና በሚስቱ ዘመዶች መካከል ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ፕላን የምትነድፉ፥ ቦታ የምትመሩ፥ የመኖሪያ ቤት ውሳኔ የምትጽፉ ናችሁ። ከካዛንቺስ የተነሡት ቤተሰቦች በደረሱበት አዲስ ሰፈር ዕድራቸውን እንደገና የሚያቆሙበት፥ ንግዳቸውን የሚቀጥሉበት፥ ከቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ጋር የሚገናኙበት መንገድ እንዲኖራቸው የማሰቡ ሥራ ከጠረጴዛችሁ ላይ ነው።