በሥዕላችን ላይ ስለ ቀረበው ክስ

ስለ አገራችን ዘመናዊ ሥዕል ሲወሳ አንድ ክስ አብሮ ይነሣል፤ «ረቂቅ ሥዕል የፈረንጅ ነው፣ የእኛ አይደለም» የሚል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በኮሎኝ ከተማ ተምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ ሲመለስ የገጠመው ይኸው ነበር። እኛም በሄርንደንና በሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎኖች እስከ ዛሬ እንሰማዋለን፤ ግድግዳው ላይ የንግሥተ ሳባ ጉዞ ወይም የዓድዋ ጦርነት ካልተሰቀለ ቤቱ የኢትዮጵያዊ አይመስለንም።

ታሪክ ግን ክሱን አያጸናውም። የቀደመው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ዓይኑ ያየውን አልገለበጠም። ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በጎን በአንድ ዓይን ሣለ፤ ጥላና ርቀት አላስጨነቁትም። የጠልሰም ብራናማ ከዚህም የረቀቀ ነው። እንግዳ የሚባል ካለ፣ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው በ1950ዎቹ መጨረሻ በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተስፋፋው፣ ተፈጥሮን መስሎ የመሣል ስልት ይሆናል እንጂ ረቂቁ አይደለም።

ይህን ከሁሉ አስቀድሞ የተረዳው እስክንድር ቦጎስያን ይመስለናል። በለንደንና በፓሪስ ኖሮ በ1966 ሲመለስ ይዞት የመጣው የፓሪስን ፋሽን ሳይሆን የጠልሰሙን ዓይን፣ የምዕራብ አፍሪቃን ቅርፃ ቅርፅና የሕልምን ዓለም ያዋሐደ ሥራ ነበር። ያስተማረው እስከ 1969 ብቻ ቢሆንም አሻራው ከተማሪዎቹ አልጠፋም።

ከ1974 በኋላ የሥዕል ይዘት ተለወጠ። ብሩሽ ለፖስተር ታዘዘ፤ ጡጫ፣ መዶሻና ማጭድ አደባባዩን ሞሉት። እዚህ ላይ የተማሪው ንቅናቄ ወራሾች ነን የምንል ሁሉ አንድ ነገር ማመን ይገባናል፦ «ሥነ ጥበብ ለሰፊው ሕዝብ» የሚለውን ቋንቋ ንቅናቄው ከደርግ በፊት ይናገረው ነበር። መንግሥት ቃሉን ነጥቆ ትእዛዝ አደረገው። ገብረ ክርስቶስ ተሰደደ፤ በ1981 በኦክላሆማ ዐረፈ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል።

እስክንድር ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እስከ 2001 እዚሁ ዋሽንግተን፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በዛፍ ልጥና በብራና ላይ ሠራ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማረው ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደላችንን ከንባብ ነጻ አውጥቶ ራሱን የሥዕል ርእሰ ነገር አደረገው፤ «ሀ» እጅና እግር አውጥታ ትደንሳለች። ስደት፣ ያለ ፈቃዱ፣ አገር ውስጥ የተከለከለውን ትምህርት ቤት ተካ ብንል ማጋነን አይሆንም።

በ2001 እስክንድርና ከበደች ተክለአብ «ኔክሰስ» የተባለውን የአሉሚኒየም ቅርፅ በዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ አቆሙ። ከበደች ከዚያ በፊት አሥር ዓመት ያህል በሶማሊያ እስረኛ ሆና የኖረች ናት። እስክንድር ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ በዚህችው ከተማ ዐረፈ። ሥራው ግን እኛ ለፓስፖርትና ለውክልና በምንመላለስበት ቤት ቆሞ ቀርቷል።