የተሰረቀ ላፕቶፕ ክትትል፤ ከሎወር ሜሪዮን ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

የተሰረቀ ዕቃ ያለበትን ቦታ ራሱ የሚናገርበት ጥበብ መገኘቱ የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ ጥበቡ ደንብ ሲጐድለው ምን እንደሚያስከትል ከአንድ ታሪክ ለማሳየት እንሞክራለን።

በአሜሪካ፣ በፊላዴልፊያ ከተማ አጠገብ ያለው የሎወር ሜሪዮን የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ ባደለው ላፕቶፕ ውስጥ የመከታተያ ፕሮግራም ነበረበት። ፕሮግራሙ ሲከፈት የኢንተርኔት አድራሻውን፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየውንና በፊቱ ያለውን ሰው ፎቶግራፍ በየጊዜው ይልካል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከአንድ ትምህርት ቤት የተሰረቁ 6 ላፕቶፖች ክትትል ሲደረግባቸው ቆይቶ በ2009 ፖሊስ አገኛቸው።

ዳሩ ግን አንዳንድ ላፕቶፖች ከተገኙ በኋላም ክትትሉ አልተዘጋም፤ ለተማሪዎቹና ለወላጆቻቸውም አስቀድሞ አልተነገረም ነበር። አንድ ተማሪ በመኖሪያ ቤቱ ሳለ ፎቶግራፍ መነሣቱን ዐውቆ በ2010 ከወላጆቹ ጋር ከሰሰ፤ ሌላም ተማሪ ተከተለው። ሲመረመር ከ50,000 በላይ ምስሎች ተገኙ። ሁለቱም ክሶች በዚያው ዓመት በ610,000 ዶላር ዕርቅ አለቁ።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ጉድለቱ የመሣሪያው ሳይሆን፣ ማን እንደሚከፍተው፣ መቼ እንደሚዘጋና ለማን እንደሚነገር የሚወስን ደንብ አለመኖሩ ነው። ደንብ የሌለው ክትትል ሌባውን ከባለዐደራው አይለይም።