ጃዕፈር ባይናገሩ ኖሮ፦ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለምን ያስፈልገዋል?



እኛ ሲሪንቃ ላይ አንድ ወጣት ተይዞ ወደ መርሳ ተወሰደ ሲባል ምን እንደምናደርግ እንተዋወቃለን። ሽማግሌ እንልካለን፣ ዋስ እንፈልጋለን፣ ዱዓ እናደርጋለን። ሁሉም መልካም ነው። የጠበቃ ነገር ሲነሳ ግን "ንጹሕ ከሆነ ጠበቃ ምን ያደርግለታል? አላህ ያውቅለታል" የሚል አይጠፋም። ጉዳዩ ወልድያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲደርስ ነው መሯሯጥ የምንጀምረው። ያኔ ልጁ በቅጡ ያልገባውን ቃል ሰጥቶ ፈርሟል።

ጠበቃ መያዝ ጥፋትን ማመን ነው የሚለው አስተሳሰብ ከዲናችንም ከታሪካችንም ጋር አይሄድም። ለዚህ ምስክሩ የራሳችን አገር ነው።

በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ለማስመለስ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ላኩ። መልእክተኞቹ ንጉሡ ፊት ሳይቀርቡ በፊት ለሹማምንቱ ስጦታ አደሉ። የጠየቋቸውን ልብ በሉ፦ ስደተኞቹ ሳይናገሩ ተላልፈው እንዲሰጡ ንጉሡን ምከሩልን አሉ። የፈሩት የተከሳሾቹን አንደበት ነበር። ነጃሺ ግን "ቃላቸውን ሳልሰማ አልሰጥም" አሉ።

ስደተኞቹ ተሰብስበው ተመካከሩ። ሁሉም በየፊናው አልተናገረም፤ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብን (ረ.ዐ.) አቆሙ። ጃዕፈርም የጃሂሊያ ኑሯቸው ምን ይመስል እንደነበር፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን እንዳስተማሯቸውና ለምን እንደተሰደዱ በቅደም ተከተል አስረዱ። ከሱረቱ መርየም ሲቀሩ ንጉሡ አለቀሱ። በማግስቱ ዐምር ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) አዲስ ክስ ይዞ ተመለሰ። ሙስሊሞቹ እንደገና ተመካከሩ፤ ጃዕፈርም እውነቱን ሳይሸራርፉ መለሱ። ነጃሺ ስጦታውን አስመልሰው ስደተኞቹን በአገራቸው በሰላም አኖሯቸው።

ንጹሐን አልነበሩምን? ነበሩ። የቀረቡት ፍትሐዊ ንጉሥ ፊት አልነበረምን? ነበር። ተወኩል አልነበራቸውምን? ከኛ ይበልጥ ነበራቸው። ያም ሆኖ መናገር የሚችል ሰው አቆሙ።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። የጃዕፈር ልጅ ዐብደላህ የተወለደው እዚሁ ሐበሻ ነው። ከዓመታት በኋላ አጎቱ ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ሙግት ሲገጥማቸው መጀመሪያ ወንድማቸውን ዐቂልን፣ ዐቂል ሲያረጁ ደግሞ ይህንኑ ዐብደላህን ይወክሉ እንደነበር ተዘግቧል። ዐሊይ ራሳቸው በዳኝነት የታወቁ ነበሩ። ፉቀሃእ በክርክር ሰው መወከል እንደሚቻል ሲያስረዱ ይህን ይጠቅሳሉ።

"ለከዳተኛ መሟገት በቁርኣን ተከልክሎ የለም ወይ?" የሚል ይኖራል። አዎ፣ በሱረቱ ኒሳእ ተከልክሏል። ግን የአንቀጹን ሰበብ እንመልከት። በመዲና የብረት ልብስ የሰረቀው ሰው ወገኖች ጥፋቱን በአንድ ንጹሕ አይሁዳዊ ላይ ጫኑ፤ ወሕዩ ሲወርድ ሰውየው ነጻ ወጣ። የተከለከለው ለውሸት መቆም ነው። ዛሬ ወሕይ አይወርድም፤ ዳኛው የሚፈርደው በቀረበለት ማስረጃ ነው። ስለዚህ ማስረጃውን የሚመረምር፣ ምስክሩን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። በርግጥ ላጠፋም ሰው ቢሆን ጠበቃ ቅጣቱ ከጥፋቱ እንዳያልፍ ይሟገትለታል።

ሕገ መንግሥቱም ይህን ይደግፋል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ የሚናገረው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበትና በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። አንቀጽ 20 ደግሞ በመረጡት ጠበቃ የመወከል መብት ይሰጣል፤ አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል።

ቅርብ ጊዜ ያየነውንም እናስታውስ። በ2004 ዓ.ም. የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ታሰሩ፤ በ2005 በፀረ ሽብር አዋጁ 29 ሰዎች ተከሰሱ። እነ ጠበቃ ተማም አባቡልጉ ቆሙላቸው። ከተከሳሾቹ የተወሰኑት ተከላከሉ ሳይባሉ በነጻ ተለቀቁ። በ18ቱ ላይ ግን በሐምሌ 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ በየተራ ወጡ። እነዚያ በዲን እውቀት የታወቁ ሰዎች አንደበት አልጎደላቸውም፤ ግን በሕጉ ቋንቋ የሚሟገትላቸው ያዙ። ጠበቃ ነጻ ያወጣል ብለን ዋስትና አንሰጥም። ጠበቃ የሌለው ሰው ግን ያልተጠየቀ ምስክርና ያልተመረመረ ሰነድ ይዞ ይፈረድበታል።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ነገ የሚገጥማችሁ ካለ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ጠበቃ እፈልጋለሁ በሉ። አቅም ከሌላችሁ ዳኛው ፊት ተናገሩ፤ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምላችሁ ጠይቁ። እኛም ጀመዓው ለዋስ እንደምናዋጣው ሁሉ ለጠበቃም እናዋጣ፤ ከክሱ በኋላ ሳይሆን በተያዙበት ቀን።

አላህ ከበዳይነትም ከተበዳይነትም ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።