የጸጉር መርገፍ፦ ከሹሩባው ዘመን እስከ ካስኩ ዘመን

መቅደላ ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ ራስ የተቆረጠው ጸጉር በእንግሊዝ አገር ከ150 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል። አገር እንደ ቅርስ አክብሮ ተቀበለው፤ በእኛ ዘንድ ጸጉር ማዕረግ ነውና። ጎፈሬው ለጀግናው፣ ሹሩባው ለሙሽራዋ፣ ቁንጮው ለሕፃኑ፣ መላጨቱ ለሐዘንተኛው ነበር። ይህን ያህል ያከበርነው ጸጉር መርገፍ ሲጀምር ግን ወይ ለሰው ዓይን ወይ ለሻምፖው ሰጥተን እናልፋለን።

ጥንታውያን ከዚህ የተሻለ ጠይቀዋል። ከ3,500 ዓመት በፊት የተጻፈ የግብፃውያን የሕክምና ጥቅልል ለመላጣ የአንበሳ፣ የጉማሬና የአዞ ስብ ያዛል። የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ሂፖክራተስ ደግሞ ጃንደረቦች ራሰ በራ እንደማይሆኑ አስተውሏል። ነገሩ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በወንዶች ላይ መላጣን የሚያመጣው የዘር ውርስና የወንድነት ሆርሞን ተጋግዘው መሆኑን አሳየ። ውርሱ በእናትም በአባትም በኩል ይመጣል።

ከወላጅ ያልወረስነው፣ በገዛ እጃችን የምናመጣው ግን ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 አንድ ኦስትሪያዊ ሐኪም የግሪንላንድ ሴቶች ጸጉራቸውን ወደ ላይ ጨምድደው ከማሰራቸው የተነሣ ግንባራቸው አካባቢ እንደተመለጠ ጽፎ ነበር። ያ ጽሑፍ ዛሬ ስለ እኛ ከተሞች የተጻፈ ይመስላል። ሹሩባ ትናንትም ያምም ነበር፤ አያቶቻችን ግን ለበዓል ተሠርተው ይፈቱት፣ ቅቤ ተቀብተው በሻሽ ያሳርፉት ነበር። ዛሬ ሹሩባው ሳይፈታ በላዩ ሂውማን ሄር ይሰፋበታል፤ ሲፈታም ማለስለሻ ኬሚካል፣ ካስክና የጋለ ብረት ይጠብቁታል። ዕረፍቱ ቀርቷል።

ከጸጉር ሠሪዋ ጉልበት ሥር የተቀመጠችውን ልጅ ተመልከቱ። ዓይኖቿ ወደ ጆሮዋ ተወጥረዋል፣ ማታ ትራስ ላይ ጭንቅላቷን ማሳረፍ ያቅታታል። በማግስቱ በጸጉሯ መስመር ላይ ጥቃቅን ብጉር ይወጣል። ከዚያ የጆሮ ግንዷ አካባቢ መሳሳት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ከላላላት ጸጉሯ ይመለሳል። ለዓመታት ከተጎተተ ግን ሥሩ በጠባሳ ይደፈናል፣ ቆዳው ያብለጨልጫል፤ ያኔ ቅባት አይመልሰውም።

የልጆች ቆረቆርም የቆየ ጠላታችን ነው። በፈንገስ ይመጣል፤ በማበጠሪያና በመላጫ ከራስ ወደ ራስ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እስራኤል ቆረቆርን ለማጥፋት ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ብዙ ስደተኛ ሕፃናትን ራስ በኤክስሬይ አክማ ነበር። ቆይቶ ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ በአንጎል ዕጢ ታመሙ፤ አገሪቱም እ.ኤ.አ. በ1994 የካሣ ሕግ አወጣች። ለቆረቆር የሚዋጥ መድኃኒት የተገኘው በእነዚያው 1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ፈንገሱ ጸጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ቅባት ብቻውን አያድነውም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ነጭ ሽንኩርት ማሸት ደግሞ የልጁን ቆዳ ያቃጥላል። ላሽ ግን ሌላ ነው። የሰውነት መከላከያ የገዛ ጸጉሩን ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ እንጂ ከሰው የሚጋባ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ራሱ ያበቅላል።

ከባድ ትኩሳት፣ ወሊድና ረሃብ ጸጉርን የሚያረግፉት ወዲያው ሳይሆን ከ2 እስከ 3 ወር ቆይተው ነው። ኮሮና የያዛቸው ብዙዎች ይህን አይተውታል። በመዘግየቱ ምክንያት አራስዋ በዚያ ሰሞን የቀየረችውን ሳሙና ትወቅሳለች። አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ የብረት ማዕድን እጥረትና የእንቅርት ዕጢ መዛባት በደም ምርመራ ይታያሉ።

ነገ የተሻሉ መድኃኒቶች ይመጡ ይሆናል። ዛሬ በሰፊው የሚቀባው ሚኖክሲዲል እንኳ ለደም ግፊት ተሠርቶ፣ ጸጉር ሲያበቅል ታይቶ ነው ወደዚህ የተሻገረው፤ ሲያቋርጡት ግን ያበቀለው ይረግፋል። ስለዚህ እናቶች፣ እኅቶች፣ ጸጉር ሠሪዎች፦ ልጅቷ አመመኝ ስትል አላሉላት፣ ከፈታችሁላትም በኋላ ጥቂት ሳምንት አሳርፉላት። የሳሳ ቦታ ካያችሁ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ለቆዳ ሐኪም አሳዩት።