መልሰው ይንገሩኝ

እንግዲህ ስሙኝማ፤ የአንዲት የበዴሳ ልጅ ነገር ነው የምተርክላችሁ። ስሟን አልነግራችሁም፤ እሷም እንዲነሳ አትወድም። ከአፏ የሰማሁትን ግን አንድ በአንድ አወርድላችኋለሁ።

በዴሳን የማታውቁ ትኖሩ ይሆናል። በወላይታ ዞን የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሶዶ በስተ ምሥራቅ፣ ወደ ብላቴ ወንዝ በኩል። ብላቴን የተሻገረ ሲዳማ ገባ ማለት ነው። እንሰቱ፣ ቦይናው፣ በቆሎው፣ ቦሎቄው ከጓሮ እስከ ደጅ ተጠጋግቶ ይበቅላል፤ ሰዉም እንደዚያው ተጠጋግቶ ይኖራል። መሬት ጠባብ፣ ልጅ ብዙ ነው። አባት ለልጁ የሚያካፍለው እርሻ ሲያልቅበት ደብተር ገዝቶ ይሰጠዋል። ለዚህ ነው በዚያ አገር ትምህርት እንደ ውርስ የሚታየው።

ልጅቱ ያደገችው ከአያቷ ጋር ነው። ከቤታቸው አጠገብ ጉታራ አለ። ጉታራ የሰፈሩ የጋራ ሜዳ ነው፤ ከብት ይግጥበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነገር ያይበታል። እሷም ጥጃ ስትጠብቅ ከዳር ቆማ ትሰማ ነበር። ሁለት ሰዎች በድንበር ተጣልተው ሲመጡ ሽማግሌው ቶሎ አይፈርድም። የአንደኛውን ቃል ለሌላኛው ደግሞ ያሰማዋል፤ ከዚያ ወደ ተናጋሪው ዞሮ «ያልከው ይህንን ነው አይደል?» ይለዋል። ሰውዬው «አይ፣ እንዲህ አላልኩም» ካለ እንደገና ይጀመራል። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ይህ ነው ሥራቸው። ልጅቱ ያኔ ነገሩ አሰልቺ መስሏት ነበር። ይህን ያዙልኝ።

ትምህርት ቤት ገባች። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል በወላይትኛ ተማረች፤ አማርኛን ደግሞ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት። እጇ ከሁሉ በፊት የሚነሳ፣ መምህሩ ሳይጠራት የምትናገር ልጅ ነበረች አሉ። 5ኛ ክፍል ስትደርስ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ሆነ። እጇ ወረደ። መልሱን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ የምታውቀውን የምትልበት አፍ አጣች እንጂ። መምህሩም በደግነት በወላይትኛ ያብራራና ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ እነሱ ይገለብጣሉ፤ ደወል ይደወላል። ሰባት፣ ስምንት ዓመት እንዲህ ሄደ።

የዚህን ቤተሰብ የፊደል ታሪክ ስሰማ ልቤ ነው የተነካው። አያቷ ማንበብ የጀመሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ታወጀ፤ ማስተማሪያ የሆኑት ቋንቋዎችም በኋላ 15 ደረሱ፤ ወላይትኛ አንዱ ነበር፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል። የልጅ ልጃቸው ዘመን ሲመጣ ያው ቋንቋ በላቲን ፊደል ይጻፍ ጀመር። እና አያት የልጅ ልጃቸውን ደብተር ገልጠው፣ የገዛ ቋንቋቸው የተጻፈበትን ገጽ ማንበብ አልቻሉም። አንድ ቤት፣ አንድ ቋንቋ፣ ሁለት ፊደል። የትኛው ፊደል ይሻል ነበር ብዬ አልሟገትም። እኔን የሚያሳስበኝ አያቲቱን «ይህን ያነቡታል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው።

ሳይጠይቁ መናገር በወላይታ ምን እንዳመጣ ደግሞ አገር ያውቀዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ አንድ የመማሪያ ቋንቋ ለማድረግ ተሞክሮ ነበር፤ ስሙም ከአራቱ ተቆራርጦ ወጋጎዳ ተባለ። መጻሕፍቱ ታትመው ትምህርት ቤት ደረሱ። ሶዶ ላይ ተማሪውና መምህሩ አደባባይ ወጣ፤ ሰው ታሰረ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ተነሱ፤ ብዙም ሳይቆይ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ልጆቹ ሊናገሩበት ስለሚገባው አፍ ሲወሰን የልጆቹ ወላጆች አልተጠየቁም ነበር።

የልጅቱ ታላቅ ወንድም ደግሞ የፕላዝማው ዘመን ተማሪ ነው። ታስታውሱ የለ? በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ገቡ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይተላለፍ ነበር፤ የክፍሉ መምህር ከፊትና ከኋላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር ያለው። የስክሪኑ መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። ክፍሉ ውስጥ የመለሰ የለም። ወንድሟ ያንን «ቬሪ ጉድ» እስከ ዛሬ አይረሳውም። መምህር ለጎደለበት ገጠር ጥሩ መምህር በሳተላይት ማድረስ መልካም ሐሳብ ነበር፤ የሚያዳምጥ ጆሮ ግን በሳተላይት አይላክም።

ወደ ልጅቱ እንመለስ። የ12ኛ ክፍል ፈተናዋን የወሰደችው ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በተሰጠበት በ2015 ዓ.ም. መባቻ ነው። የዚያን ዓመት ውጤት የማያስታውስ ቤት የለም፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። እሷም ካላለፉት አንዷ ሆነች። ብዙ ተባለ፤ ኩረጃ ስለቀረ ነው፣ መምህር ስለሌለ ነው፣ ልጆቹ ስለሰነፉ ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር አለኝ። ያ ፈተና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእርሳስ ማጥቆር ነበር። 12 ዓመት የተማረች ልጅ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንድትጽፍ፣ አንዲት ሐሳብ እንድታስረዳ አልተጠየቀችም። ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ በክፍል ውስጥ አይለመድም።

ለጥቂት ያለፋቸው ልጆች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተፈቀደላቸው፤ ተማሪው ሬሜዲያል የሚለው። ገባች፤ አለፈች፤ በ2016 የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆነች። ፍሬሽ ተማሪ ሁሉ ከሚወስዳቸው ኮርሶች አንዱ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

መጀመሪያ ግሩፕ ወርክ ተሰጠ፣ ከዚያ ፕረዘንቴሽን። የእሷ ተራ ደረሰ። ወረቀቷን ይዛ ወጣች፤ ከላይ እስከ ታች ሳትተነፍስ አነበበች፤ ተጨበጨበላት። ልትቀመጥ ስትል መምህሯ «ቆይ» አለቻት። ወደ ክፍሉ ዞራ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀች። ዝም። አንዱ «ስለ ውኃ ብክለት» አለ። «ስለ ውኃ ብክለት ምን አለች?» ዝም። መምህሯ አልተቆጣችም። «ያጨበጨባችሁት ስላለቀ ነው» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል ጭብጨባ የለም።»

ከዚያም አንድ ሕግ አወጣች። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ። በእውነት በማትስማሙበት ጉዳይ ላይ ትነጋገራላችሁ። ጓደኛህ ሐሳቡን ከጨረሰ በኋላ አንተ የራስህን ከመናገርህ በፊት የሱን በራስህ ቃል መልሰህ ትነግረዋለህ። እሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» ካላለ የመናገር መብት የለህም። የመጀመሪያው ዙር በፈለጋችሁት ቋንቋ፣ ሁለተኛው በእንግሊዝኛ።

ይህ የመምህሯ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1951 ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ስለ መግባባት በተዘጋጀ ጉባኤ ላይ ያቀረበው ሐሳብ ነው። የሰው ልጅ እንዳይግባባ የሚያደርገው የሌላውን ቃል ሰምቶ ሳይጨርስ ለመፍረድ መቸኮሉ ነው አለ፤ መድኃኒቱም ይኸው መልሶ መናገር ነው ብሎ መከረ። እኛም ብንሆን በችሎት አደባባይ «በላ ልበልሃ» ተባብለን ስንሟገት የኖርን፣ አንደበተ ርቱዕን የምናደንቅ ሕዝብ ነን። ያደነቅነው ግን ተናጋሪውን ነው፤ ለአድማጩ ያወጣንለት ሽልማት የለም።

ልጅቱ የተጣመረችው ከመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ጋር ሆነ፤ ከጎጃም የመጣች ልጅ ናት። በልባቸው ተኳርፈው ነበር። ምክንያቱም የጎጃሟ ልጅ ሌሊት ሌሊት ስልክ ታወራለች፤ የበዴሳዋ ደግሞ እንቅልፍ ታጣለች። የማይስማሙበት ጉዳይ ተባለና ይኸው ወጣ። በአማርኛ ጀመሩ።

የጎጃሟ ተናገረች፤ የበዴሳዋ መለሰች፦ «ስልክ ማውራት መብቴ ነው ነው ያልሽው።»

«አላልኩም።»

እንደገና ተናገረች። የበዴሳዋም እንደገና ተሳሳተች። ሦስተኛው ላይ ነገሩ ወጣ። እናቷ ያሉበት አገር ኔትወርክ የሚገኘው ሲገኝ ሌሊት ነው፤ የእናቷን ድምፅ ካልሰማች ደህና መሆናቸውን አታውቅም። የበዴሳዋ ልጅ ይህን በራሷ ቃል ደግማ ስትናገር ጓደኛዋ «አዎ፣ ይህንን ነው» አለችና አለቀሰች። ቀጥሎ ተራው ዞረ፤ የበዴሳዋ ስለ እንቅልፏ ተናገረች፤ ተሰማች። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ሲጠራ የጎጃሟ ልጅ ኮሪደር ወጥታ ታወራለች፤ ስትመለስም በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋለች።

ሁለተኛው ዙር በእንግሊዝኛ ሲሆን የሆነውን ስትነግረኝ ፊቷ ይበራ ነበር። የምትናገረው ነገር ስላላት፣ የሚሰማት ሰው ስላለ፣ ቃላቱ ተሰባብረውም ቢሆን ወጡ። ሰዋስው ሲበላሽ ጓደኛዋ «ማለትሽ እንዲህ ነው?» ትላታለች፤ እሷ «አዎ» ትላለች ወይም ታቃናለች። ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ የወረደው እጇ በዚያ ኮርስ ተነሳ። ያን ጊዜ ነው ጉታራው ትዝ ያላት፤ ሽማግሌው «ያልከው ይህንን ነው አይደል?» የሚለው። ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዳ የተማረችው ከደጇ የነበረውን ሆኖ አገኘችው። ይህ እውቀት በ12 ዓመት የትምህርት ቤት ቆይታዋ አንድም ቀን ክፍል ውስጥ አለመግባቱ እኔን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን የመጨረሻውን ልንገራችሁ። ለእረፍት በዴሳ ስትገባ አያቷ ራሳቸውን እያዞራቸው ነበር። ይዛቸው ሶዶ ሄደች። ሐኪሙ መረመራቸው፤ ደም ብዛት ነው አለ። ወላይትኛ አይችልም፤ አያቷ አማርኛ አይችሉም፤ መሐል ላይ እሷ አለች። ሐኪሙ በትሕትና አስረዳ። «እማማ፣ ይህን ኪኒን በየቀኑ፣ ጠዋት ጠዋት ይውሰዱ። ቢሻልዎትም እንዳያቋርጡ። ጨው ይቀንሱ።» ልጅቱ ተረጎመች። አያቷ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ሐኪሙም ወረቀቱን ጽፎ ጨረሰ። ውጭ ወረፋው ረጅም ነው።

ልጅቱ አልተነሳችም። ሐኪሙን ይቅርታ ጠየቀች። ወደ አያቷ ዞራ በቋንቋቸው «ሐኪሙ ምን እንዳሉዎት እስቲ መልሰው ይንገሩኝ» አለቻቸው።

አያት ገረማቸው። ከዚያ ተናገሩ፦ «ራሴን ባዞረኝ ቀን ኪኒኑን እውጣለሁ። ሲለቀኝ አስቀምጠዋለሁ፤ ለሌላ ጊዜ ይሆነኛል።»

አያችሁ? የተባለው ሌላ፣ የደረሰው ሌላ። ትርጉሙ አልተሳሳተም፤ ሐኪሙም አልተሳሳተም። አያቲቱ ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት መድኃኒት ሲያም የሚወሰድ፣ ሲሻል የሚቀር ነው፤ የሰሙትን በዚያው በሚያውቁት ላይ አስቀመጡት። ደም ብዛት ደግሞ ሳያም የሚገድል በሽታ ነው፤ ኪኒኑ የሚያስፈልገው ምንም በማይሰማበት ቀን ጭምር ነው። «እሺ» ያሉት ሐኪሙን ስላከበሩ ነው፤ ትልቅን ሰው፣ የተማረን ሰው ፊት ለፊት «አልገባኝም» ማለት በእኛ አገር ነውር ይመስላል። ልጅቱ ለሐኪሙ ነገረችው። እሱም ወንበሩን አስጠግቶ እንደገና አስረዳ፤ በዚህኛው ጊዜ አያቷ መልሰው ሲናገሩ ልክ ሆነ። ኪኒኑን ከጠዋት ቡናቸው ጋር ሊያደርጉት ራሳቸው ወሰኑ።

ልጅቱ አሁንም ተማሪ ናት፤ እንግሊዝኛዋም ገና ብዙ ይቀረዋል። ግን የምትነግረውን ሰው ታየዋለች፤ ደርሶት እንደሆነ ትጠይቃለች። ውጤታማ ተግባቦት ተብሎ በየሥልጠናው ከሚዘረዘረው ሁሉ እኔ ይህንን አስቀድማለሁ።

እናንተ በየክፍሉ የምታስተምሩ፣ በየጤና ጣቢያው የምታክሙ፣ በየማሳው ለገበሬው ምክር የምትሰጡ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። «ገባችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አዎ» ነው የሚሏችሁ። ደወሉ ሳይደወል፣ ወረፋው ሳያስቸኩላችሁ፣ ከፊታችሁ ያለው ሰው የሰማውን በራሱ ቋንቋና በራሱ ቃል መልሶ እንዲነግራችሁ አንድ ደቂቃ ስጡት።